ሐዘን ነው ያከሳት የተባለችው

የአውቶቡስ መናኸሪያው ትኬት ቢሮ አራት መስኮት አለው። እኔ ሁለተኛው ላይ እቀመጣለሁ፤ እሷ ሦስተኛው ላይ። በመካከላችን ያለው ግድግዳ ስስ ኮምፔርሳቶ ነው፤ ከላይ ክፍት ስለሆነ አንዳችን ስናስነጥስ ሌላዋ «ይማርሽ» ማለቷ አይቀርም። አራታችንም መስኮት ቢኖረንም ሰው ሰልፍ የሚይዘው እሷ ጋ ስለሆነ «ባለመስኮቷ» የሚለው ስም የወጣው ለሷ ብቻ ነው። ለኔ የወጣልኝ «ሬዲዮ» ነው። ለምን እንደሆነ ማስረዳት አይጠበቅብኝም፤ ይኸው እያወራሁ ነው።

ድሮ ሞላ ያለች፣ ደም ግባት ያላት ሴት ነበረች። ስትስቅ ወንበሯ አብሯት ይንጫጫል። ባሏ ከመናኸሪያው ጓሮ ካለው ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበር። ምሳ ሰዓት ሲደርስ በግራሶ እጁ መስታወቱን እንዳያቆሽሽባት በክርኑ ያንኳኳና «እስቲ አንድ ትኬት፣ ወደ ቤት» ይላታል። «ሞልቷል፤ ከፈለግክ ቆመህ ሂድ» ትለዋለች። በየቀኑ ያችኑ ቀልድ። እኔ እንኳ ሰልችቶኝ ነበር፤ እነሱ ግን እንደ አዲስ ይስቁባታል።

አንድ ቀን ትኬት እየቆረጠች እያለች ሆዷን ይዛ ከወንበሯ ወደቀች። ጩኸቷን አልረሳውም። ባሏ ከነቱታው ሮጦ መጥቶ ተሸክሟት ወጣ። የሐሞት ጠጠር ነው፣ አንዷ ጠጠር ሾልካ መንገድ ዘግታ ውስጧን አቁስላለች ተባለ። ብዙ ጊዜ ተኝታ፣ ጠጠሩ ወጥቶላት፣ «ድነሻል» ተብላ ወደ መስኮቷ ተመለሰች። እኛም «እንኳን እግዜር ማረሽ» አልን፤ ነገሩ እዚያ ላይ ያለቀ መሰለን።

ዓመት ሳይሞላ ባሏ ሞተ። ጠዋት የአንድ አውቶቡስ ሞተር ከፍቶ ሲሠራ ነበር። መፍቻውን አስቀመጠ፣ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፣ በዚያው ቀረ። ልብ ነው አሉ። አርባ አምስት እንኳ አልሞላውም።

ከዚያ በኋላ ነው መክሳቷ ለሰው ሁሉ የታየው። መጀመሪያ ጉንጯ ተሰረጎደ፣ ከዚያ ዓይኗ ጎደጎደ፣ ከዚያ አንገቷ የዶሮ አንገት አከለ። ልብሷ ላይዋ ላይ የተሰቀለ እንጂ የለበሰችው አይመስልም። የሩቅ አገር መንገደኞች ዞረው ሲመጡ ያቺ የድሮዋ መሆኗን ማመን ያቅታቸዋል። «ምን ሆና ነው?» ሲሉ፣ መልሱ በሁሉም አፍ ላይ አንድ ነበር። «ባሏ ሞቶባት። ሐዘን ነው ያከሳት።»

አብረዋት የሚኖሩት አማቷ ናቸው። ሟች ለሳቸው አንድ ወንድ ልጃቸው ነበር፤ ሌላ ያላቸው አንዲት ፀጉር ሠሪ ሴት ልጅ ነች፣ እሷም ባል አግብታ ሌላ ሰፈር ትኖራለች። ሁለቱ ሴቶች አንድ ሳሎን ውስጥ፣ ከሟች ትልቅ ፎቶ ሥር፣ ፊት ለፊት ተቀምጠው ያመሻሉ። አማትየው እንግዳ በመጣ ቁጥር የምራታቸውን ክንድ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። «እዩልኝ እስቲ! እኔ የወለድኩት ይኸው እበላለሁ፣ እጠጣለሁ። እሷ ግን አብራው እየሄደች ነው።» ሲሉ እንባቸው ይወርዳል። በእንባው ውስጥ ግን ኩራት ነበረበት። ልጃቸው እንዲህ የሚታዘንለት ሰው እንደነበር ምስክራቸው የዚያች ሴት አጥንት ነበር።

እሷ ደግሞ ያኔ ለማንም ያልተናገረችው ነገር ነበራት። ይርባት ነበር። ትንሽ አይደለም፤ ጅብ የገባባት ያህል። ቤቷ ስትገባ አማቷ ሳያዩ ጓዳ ቆማ ሁለት ሰው የሚያጠግብ ምግብ ትበላለች፤ ጠዋት ስትነሣ ግን ወገቧ ይበልጥ ቀጥኖ ታገኘዋለች። ባሏ የሞተባት ሴት በሰው ፊት «ርቦኛል» ብትል ምን ትባላለች? ስለዚህ «አላሰኘኝም» ማለትን ለመደች። አማቷም አዝነው ስብ ያለው መረቅ ይሠሩላትና «ላንቺ ስል ሳይሆን ለሱ ስትዪ ጠጪ» ይሏታል። እሱን የጠጣች ዕለት ወየውላት።

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ አሁን የምለውን ካላልኩ ታሪኩ አይገባችሁም። ሆዷ ተነፍቶ ይጮሃል። ሽንት ቤት ስትሄድ የሚወጣት ነገር ቅባት የበዛበት፣ ውኃ ቢለቁበት የማይወርድ፣ ሽታው አገር የሚለቅ ነበር። ለዚህ ስትል ሥራ ቦታ እህል የሚባል ነገር አፏ ውስጥ አታስገባም። ጠዋት ደረቅ አፏን መጥታ፣ በደረቅ አፏ ትመለሳለች። ያም ሆኖ አንዳንዴ ያመልጣታል። አለቃችን «የፍሳሽ ቱቦው ፈንድቷል» ብሎ ቧንቧ ሠራተኛ አስመጣ። ሰውዬው ከቢሮው ኋላ ቆፈረ፣ ቆፈረ፣ ምንም አጣ። «ቱቦው ከኔም ጤነኛ ነው» ብሎ ሄደ። ሁላችን ሳቅን። እሷ አንገቷን ደፍታ ትኬት ትቆርጥ ነበር።

ቀጥሎ ዓይኗ ደከመ። ቀን ደህና ታያለች፤ ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን በዳሰሳ ነው። ታክሲ ተራ ድረስ ክንዷን ይዤ መውሰድ ጀመርኩ። «ልቅሶ ነው፣ ዓይኔን ያፈሰሰው» ትለኛለች። እኔም አምኜ ከንፈሬን እመጥላታለሁ።

በመጨረሻ ሐኪም ቤት ያስገባት እጇ ነው። ሥራ ጨርሰን የመስኮቷን የብረት መዝጊያ ወደ ታች ስትስብ፣ ቀጭ ሲል በግድግዳው ላይ ሰማሁት። የእጅ አንጓዋ ተሰብሯል። መዝጊያ እኮ ነው፣ በየቀኑ የምንስበው! ጄሶ ያደረገላት ሐኪም ራጁን አገላብጦ አየና «ይህ የሰማንያ ዓመት ሴት አጥንት ነው» አለ። ከዚያም ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ላካት። አብሬያት ሄድኩ።

ሐኪሟ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች፣ ቀስ ብላ የምታወራ ወጣት ነበረች።

«መክሳት የጀመሩት መቼ ነው?» አለቻት።

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ።»

«የምግብ ፍላጎትዎስ?»

ባለመስኮቷ ወደ እኔ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት። «ይርበኛል» አለች፣ ድምፅዋ አልቆ። «በጣም ይርበኛል።»

ክው አልኩ። ስንት ዓመት ጎን ለጎን ተቀምጠን ይህን አላውቅም!

«ሰገራዎ ላይ ቅባት ያያሉ? ውኃ ሲለቁበት ይንሳፈፋል?»

ይህን ጊዜ አለቀሰች። የባሏ ቀብር ላይ እንኳ እንደዚያ ስታለቅስ አላየኋትም። «እንዴት አወቅሽብኝ?» ትላለች ደጋግማ። ሐኪሟ የድሮውን የሐሞት ጠጠር ነገር ከአፏ አውጣጥታ ሰማች፤ ከዚያ ለሰገራ ምርመራና ለሆድ ፎቶ ላከቻት።

ውጤቱ ሲመጣ ተመልሰን ሄድን። ሐኪሟ ወረቀቱን አየችና «ችግሩ ያለው ቆሽትዎ ላይ ነው» አለች።

«እሱንማ ሳልመረመርም አውቀው ነበር፤ ካረረ ቆየ እኮ» አለች ባለመስኮቷ።

እኔ ሳቄ አመለጠኝ። ሐኪሟም ፈገግ አለች፤ ግን ፈገግታዋን ቶሎ ሰበሰበችው። «እኔ የምልዎ እውነተኛውን ቆሽት ነው። የበሉትን የሚፈጭ ፈሳሽ ወደ አንጀት የሚልከው እሱ ነው። በፈሳሹ ውስጥ ኢንዛይም የሚባል ነገር አለ። ያኔ ጠጠሯ ሾልካ የወጣች ጊዜ ቆሽትዎን ነው ያቆሰለችው። ቁስሉ ጠባሳ ሆኖ ጨምድዶታል፤ ፈሳሹ ደርቋል ማለት ይቻላል። ስለዚህ የሚበሉት፣ በተለይ ቅባቱ፣ ሳይፈጭ ያልፋል። ዓይንዎና አጥንትዎ የሚፈልጉት ቪታሚንም ከቅባቱ ጋር ይሄዳል። እየበሉ ነው የተራቡት።»

«ሐዘኔስ?»

«ሐዘንዎን ማንም አይወስድብዎትም። ያከሳዎት ግን እሱ አይደለም።»

ይህን ስትሰማ ደስ የሚላት መስሎኝ ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ስንደርስ ቀጥ ብላ ቆመች። «እሱ በሕይወት እያለ የሰዓቴ ማሰሪያ ሰፍቶኝ፣ በወስፌ ሌላ ቀዳዳ በስቶልኛል» አለችኝ። «እንደገናም በሳልኝ። ‹ምን እየሆንሽ ነው፣ ታዪ እንጂ› ብሎኝ ነበር። እሱ ሳይሞት ነው የጀመረኝ ማለት ነው።»

መድኃኒቱ ካፕሱል ነው። እንደሌላ መድኃኒት ጠዋትና ማታ የሚባል ነገር የለውም፤ ከእህል ጋር ነው የሚሄደው። ምግብ ስትጀምር ከመጀመሪያው ጉርሻ ጋር ትውጣለች፣ ማዕዱ ከረዘመ መሃል ላይ ትደግማለች፣ ትንሽ ነገር ስትቀምስም አንድ። ማኘክ የለም። ዕድሜ ልክ ነው። በዚያ ላይ ቪታሚን። ሐኪሟ አንድ ነገር አልደበቀቻትም፤ ኢንዛይሙ የሚወጣው ከአሳማ ቆሽት ነው። ይህን ስትሰማ ፊቷ ተለዋወጠ፤ ካፕሱሉን ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ጥቂት ቀን ሳትነካው ሰነበተች። በኋላ የሃይማኖት አባት ጠየቀች። «ልጄ፣ የታመመ ሰው መድኃኒት መውሰድ ነው ያለበት፤ ዋጪው» አሏት። ዋጠችው።

መጀመሪያ ጸጥ ያለው ሆዷ ነው። ከዚያ ምሳዋን ቋጥራ መምጣት ጀመረች። ከግድግዳው ወዲያ ስታላምጥ መስማት እንዴት ደስ እንደሚል ልነግራችሁ አልችልም። ሐኪሟ ካፕሱሉን ከፍ፣ መለስ እያደረገች ልኩን አገኘችላት። ወራት ሲያልፉ ጉንጯ ተመለሰ፣ ማምሻ ላይ ያለ እኔ ታክሲ ተራ ደረሰች፣ አንድ ቀን እንዲያውም ወንበሯ ሲንጫጫ ሰማሁ።

ሰው ግን ሰው ነው። የከሳች ጊዜ ከንፈሩን የመጠጠላት ሁሉ አሁን ዓይኑን ያጣቅስ ጀመር። አራተኛው መስኮት ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ «ባለመስኮቷ ሰው አግኝታለች መሰለኝ» አለ። ሬዲዮ መሆኔ ያን ቀን ጠቀመኝ፤ ቆሽት ማለት ምን እንደሆነ መንገደኛው ሁሉ እስኪሰማ አስተማርኩት። የሰፈሯን ሰው ግን ማን ያስተምርልኝ?

ከሁሉም የከበዳት የአማቷ ነገር ነው። ከምርመራው በተመለሰች ቀን «እማማ፣ ቆሽቴ ነው አሉኝ» ብላቸው ነበር። «የኔስ ቆሽት መች ቀረ?» ብለው አለቀሱ። ለማስረዳት ሞከረች፤ ኢንዛይም ምናምን አልገባቸውም፣ ወይም ሊገባቸው አልፈለጉም። እየወፈረች ስትመጣ ዝምታቸው አብሮ ወፈረ። እንግዳ ሲመጣ ክንዷን ማሳየት ተዉ። አንድ ምሽት እራት ቀርቦ ካፕሱሏን ስትውጥ ትኩር ብለው አዩዋት።

«ልጄ ከሞተ ወዲህ ነው ያማረብሽ» አሉ።

«እማማ፣ ታምሜ ነው እኮ የከሳሁት።»

«ታዲያ ያ ሁሉ ለሱ አልነበረም?»

ይህን የነገረችኝ በማግሥቱ ነው፤ ትኬት እየቆረጠች፣ ወደ እኔ ሳትዞር። «ምን አልሻቸው?» አልኳት። «ምን እላለሁ?» አለችኝ። «እኔም ለሱ ነው ብዬ ነበር እኮ የማምነው። መስታወት ፊት ስቆም፣ ‹ይኸው፣ አልረሳሁህም› እለው ነበር።»

ከዚያ በኋላ እንደገና መቅለል ጀመረች። ምሳ መቋጠር ቀረ። ጠረኑም ተመለሰ። አለቃችን ቧንቧ ሠራተኛውን ሊጠራ ሲል ነው የነቃሁት። በር ዘግቼ ያዝኳት።

«ካፕሱሉ የት አለ?»

«አለ።»

«የት?»

«መሳቢያ ውስጥ።»

«አብደሻል እንዴ አንቺ ሴትዮ?»

«ስከሳ ይወዱኝ ነበር» አለችኝ። እንደ ሕፃን ነው ያለችው። «ከሱ የቀሩኝ እሳቸው ናቸው። ፊታቸውን ሲያዞሩብኝ አልችልም።»

አቅፌያት ቆምኩ። ከቢሮው ውጪ ሰልፈኛው «ኧረ በሥራ ሰዓት ይዘጋል እንዴ!» እያለ መስታወቱን ይደበድባል። በሚቀጥለው ቀን ሐኪሟ ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ የአማቷን ነገር ሰምታ አልተቆጣችም። አንድ ነገር ብቻ ነው ያለቻት፤ «ካቆሙት የሚሰበረው ቀጥሎ ዳሌዎ ነው፤ ያኔ እሳቸውን የሚያነሣቸው ማን ይሆናል?» አለቻት። ተመለሰችበት።

አማትየው ግን አልተመለሱም። ሴት ልጄ ጋ ልሂድ አሉ። ባለመስኮቷ እግራቸው ላይ ወድቃ ለመነች፤ ጎረቤት ሽማግሌ ሆኖ ገባ፤ ወይ ፍንክች! ፀጉር ሠሪዋ ልጃቸው መኪና ይዛ ስትመጣ እኔም እቃ ለማውጣት ሄጄ ነበር። ሻንጣው ወጣ፣ ፍራሹ ወጣ። ከዚያ አሮጊቷ ሳሎን መሃል ቆመው ወደ ግድግዳው አዩ።

«ፎቶውን እኔ ልውሰደው» አሉ። «አንቺስ ጤና አለሽ።»

ባለመስኮቷ ወንበር ላይ ወጥታ ፎቶውን አወረደች፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ በሁለት እጇ አቀረበችላቸው። መኪናው ሲሄድ በሩ ላይ ቆማ ቀረች። ያን ዕለት አብሬያት ልደር ብላት «ሂጂ፣ ባልሽ ይጠብቅሻል» አለችኝ።

እሑድ እሑድ ትጠይቃቸዋለች። አንዳንዴ ሰላምታዋን ይቀበላሉ፣ አንዳንዴ ተኝተዋል ትባላለች። ቢሆንም አትቀርም። ፀጉር ሠሪዋ «አንቺ ባትመጪ ይሻላል፣ ከሄድሽ በኋላ ነው የሚብስባቸው» ብትላትም ትሄዳለች። በር ላይ ብርቱካን አስቀምጣ የተመለሰችበት ቀን ብዙ ነው።

በኋላ አሮጊቷ ታመው አልጋ ያዙ። እርጅና ነው። ከማንም እጅ እህል አልቀበልም ሲሉ ልጃቸው ቸግሯት ጠራቻት። ባለመስኮቷ ፈቃድ ወስዳ ሄደች። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሾርባ በማንኪያ ስትይዝላቸው አፋቸውን አልከፈቱም። ብዙ ቆይተው ግን፦

«አሁንም ታለቅሺለታለሽ?» አሏት።

«አዎ፣ እማማ።»

«ስትበዪም?»

«ስበላም።»

አፋቸውን ከፈቱ። ሁለት ማንኪያ ጠጡላት። ታረቁ ማለት ይሁን አይሁን እሷም አታውቅም። «ደክሟቸው ይሆናል የጠጡት» ነው የምትለኝ፣ ስጠይቃት። ከጥቂት ቀን በኋላ አረፉ።

ፀጉር ሠሪዋ ቤት፣ ልቅሶው ላይ፣ ሰው ሞልቷል። ባለመስኮቷ ከባሏ ፎቶ ሥር፣ ከአማቷ አልጋ አጠገብ ነበር የተቀመጠችው። ድምፅዋ እስኪዘጋ አልቅሳ ነበር። ምግብ ሲቀርብ ሴቶቹ በጎን ያዩዋታል። ወሬውን የሚያውቀው የሰፈሯ ሰው ሁሉ እዚያ ነበር። ካልበላች ደግሞ አቅሟ አይችልም፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። ቦርሳዋን ከፈተች፣ ካፕሱሉን መዳፏ ላይ አደረገች። አንዷ ሴትዮ ለሌላዋ በጆሮዋ አንድ ነገር ስትላት አየሁ።

ተነሥቼ ውኃ አመጣሁላት። ዋጠችው፣ ጎረሰች፣ እያላመጠች እንባዋ ይወርድ ነበር።